መኪናው የት ያድራል?

ከሜልበርን መሃል ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኘው ኮሊንግዉድ ጠባብ ሰፈር ናት። በምዕራብ ስሚዝ ጎዳና ከነቡና ቤቶቹና ከነትራሙ፣ በምሥራቅ ደግሞ የመኪና ጎርፍ የማይቋረጥበት ሆድል ጎዳና ያዋስኗታል። በሆድልና በዌሊንግተን ጎዳናዎች መካከል የቆሙት ባለ 20 ፎቅ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ከሩቅ ይታያሉ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የተሰደዱ ቤተሰቦች ለዓመታት መጠጊያ ካደረጓቸው የከተማዋ ሕንፃዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል፤ በውስጣቸውም መተዳደሪያቸው ታክሲ ወይም በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪና የሆነ አባወራዎች ጥቂት አይደሉም።

እነዚህ ሾፌሮች መኪናቸው ሲያረጅ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ቀጣዩ የኤሌክትሪክ መኪና ይሁን ወይስ የለመዱት ሃይብሪድ ካምሪ? ጥያቄው በሰርግ አዳራሽም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ይነሣል። መልሱን በልበ ሙሉነት የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ሾፌር አይደለም። በከተማዋ ዳርቻ የራሱ ቤት ያለው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ያስተከለ፣ መኪናውንም በመሥሪያ ቤቱ በኩል ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚከፍል ባለሙያ ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ የሚጠቅሰው ቁጥርም ለእርሱ ትክክል ነው። ለጠያቂው ግን ትክክል ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከመኪናው ሳይሆን መኪናው ከሚያድርበት ቦታ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይበጃል። አንድ ሾፌር በቀን 200 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ይነዳል እንበል። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚፈጅ የቀኑ ፍጆታ 32 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባለቤቱ በግቢው የሚሰካበት ቦታ ካለውና አንዳንድ የመብራት ሻጮች ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች የሚያቀርቡትን የእኩለ ሌሊት ርካሽ ውል ከያዘ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 8 ሳንቲም ገደማ ይከፍላል፤ የቀን ወጪው ከ2 ዶላር ከ60 ሳንቲም አያልፍም። በተራ የቤት ታሪፍ፣ ኪሎዋት ሰዓቱ 25 ሳንቲም ቢባል፣ 8 ዶላር ይሆናል። ግቢ የሌለው ሰው በሕዝብ ፈጣን ቻርጀር 60 ሳንቲም ሲከፍል ግን ያው 32 ኪሎዋት ሰዓት 19 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያስወጣዋል። አሁን ሃይብሪዱ ይመጣል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር የሚወስድ ካምሪ፣ ቤንዚኑ በሊትር 1 ዶላር ከ90 ሳንቲም ቢገዛለት፣ የቀን ወጪው 19 ዶላር ነው።

በዓመት ሲሰላ ግቢ ያለው ሰው ከ800 ዶላር በታች፣ በሕዝብ ቻርጀር የሚኖረው 5,760 ዶላር፣ ባለሃይብሪዱ 5,700 ዶላር ያወጣሉ። አንድ ዓይነት መኪና በአንድ ከተማ አንድ ዓይነት መንገድ እየነዱ፣ በሁለት ባለቤቶች መካከል 5,000 ዶላር ገደማ ልዩነት ይፈጠራል ማለት ነው። ታሪፉም የቤንዚኑም ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይዋዥቃል፤ በዝግታ የሚሞሉ የሕዝብ ቻርጀሮች ደግሞ ከፈጣኖቹ ረከስ ይላሉ። ቢሆንም በግቢ በሚሞላውና በመንገድ ዳር በሚሞላው መካከል ያለው ርቀት በጥቂት ሳንቲም ለውጥ የሚደፈን አይደለም።

ስሌቱ ተገላቢጦሽ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሾፌሩ አሁን የሚነዳው ሃይብሪድ ያልሆነ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ አሮጌ መኪና ከሆነ፣ የዓመት ቤንዚኑ ከ9,000 ዶላር ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ቢሸጋገር በሕዝብ ቻርጀርም ቢሆን ከ3,000 ዶላር በላይ ያተርፋል። የጥገናው ቅናሽም እውነተኛ ነው። የሞተር ዘይት የለም፣ ፊልትሮ የለም፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ ራሱ ኃይል ስለሚመልስ የፍሬን ሸራው ዕድሜ ይረዝማል። ጎማ ግን በባትሪው ክብደት የተነሣ ቶሎ ያልቃል። የመግዣው ዋጋ እንኳ እንደ ቀድሞው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በቻይና የተሠሩ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአውስትራሊያ ወደ 30,000 ዶላር አካባቢ ወርደዋል፣ ይህም ከአዲስ ሃይብሪድ ካምሪ ያነሰ ነው። «የኤሌክትሪክ መኪና የሀብታም ነው» የሚለው አባባል ከዋጋ ዝርዝሩ አንጻር ጊዜው እያለፈበት ነው። የሀብታም ሆኖ የቀረው ሶኬቱ ነው።

ለሾፌር ደግሞ ጊዜ ገንዘብ ነው። በፈጣን ቻርጀር ላይ በቀን 35 ደቂቃ ብቻ ቢቆም በዓመት 175 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ የተወሰነው ከምሳውና ከጸሎቱ ጋር ሊገጥም ይችላል፤ የተቀረው ግን ተሳፋሪ ያልተጫነበት ሰዓት ነው። በእኩለ ሌሊት ግቢው ውስጥ የሚሰካ ሰው ይህን ወጪ ፈጽሞ አያውቀውም፤ እርሱ ተኝቶ ሳለ መኪናው ይሞላል።

የባትሪው ዋስትናም ከሾፌሩ ኑሮ ጋር አይገጥምም። አምራቾች በብዛት የሚሰጡት የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይወስናል። መሥሪያ ቤት ደርሶ ለሚመለስ ሰው ስምንቱ ዓመት ቀድሞ ይመጣል። በዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ግን ዋስትናው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ያልቃል፤ በዚያ ላይ መኪናው ለንግድ ሲውል አንዳንድ አምራቾች የተለየ ገደብ ያኖራሉ። ባትሪዎች ከዋስትናቸው አልፈው ብዙ ጊዜ እንደሚያገለግሉ የታወቀ ነው። ችግሩ የመበላሸት ዕድሉ አነሰ ወይስ በዛ አይደለም፤ ቢበላሽ ወጪውን የሚሸከመው ሰው ተቀማጭ የሌለው መሆኑ ነው።

ወደ መንግሥት ድጋፍ ሲመጣ ሚዛኑ ይበልጥ ያጋድላል። የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት ከጁላይ 1 ቀን 2022 (ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ አሠሪ ለሠራተኛው የሚያቀርበውን የኤሌክትሪክ መኪና ከጥቅማጥቅም ግብር ነጻ አድርጓል፤ ዋጋው ለቅንጦት መኪና ከተቀመጠው ጣሪያ ያላለፈ ይሁን እንጂ። በተግባር ይህ ማለት፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው «ኖቬትድ ሊዝ» በሚባለው ውል የመኪናውን ክፍያ የገቢ ግብር ካልተቆረጠለት ደመወዙ ላይ ይከፍላል ማለት ነው። ደመወዙ ከፍ ባለ መጠን የሚያርፍበት ግብር ከፍተኛ ስለሆነ የሚያተርፈውም ያንኑ ያህል ይበዛል። ሾፌሩ የራሱ አሠሪ ነው፤ ጥቅማጥቅም የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የለውም። የመኪናውን ወጪ ከንግድ ገቢው መቀነስ ይችላል፤ ይህ ግን ለቤንዚን መኪናም እኩል የተፈቀደ መብት ነው። የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ለገዢ በቀጥታ ይሰጥ የነበረው የ3,000 ዶላር ድጎማ ለሾፌሩም ይደርስ ነበር፤ እርሱ በጁን 2023 መጨረሻ ተዘግቷል። ደመወዝ ለሌለው ሰው የሚደርሰው ተቋርጦ፣ ደመወዝ ከፍ ሲል የሚያድገው ቀጥሏል። ይህ በተንኮል የተሠራ ነው ማለት አይቻልም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ሕዝቡ በሰፊው የተከራከረበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ቪክቶሪያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎችን በኪሎ ሜትር 2.5 ሳንቲም የመንገድ አጠቃቀም ክፍያ ታስከፍል ጀመር፤ ቆይቶም ክፍያው ወደ 2.8 ሳንቲም አደገ። ሁለት ባለመኪናዎች ከሰሱ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 18 ቀን 2023፣ ቫንደርስቶክ በቪክቶሪያ ላይ በተባለው መዝገብ፣ በ4 ለ3 ድምፅ ክፍያው ኤክሳይዝ በመሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 መሠረት ክፍለ ሀገሮች ሊጥሉት አይችሉም ሲል ሻረው። ውሳኔው በኤሌክትሪክ መኪና ደጋፊዎች ዘንድ በደስታ ተሰማ።

ከሆድል ጎዳና ሕንፃዎች መስኮት ሲታይ ግን ድሉ የተለየ መልክ አለው። በአንድ ሊትር ቤንዚን ላይ 50 ሳንቲም ገደማ የፌዴራል ኤክሳይዝ አለ። በቀን 10 ሊትር የሚቀዳ ባለሃይብሪድ ሾፌር በዓመት 1,500 ዶላር ያህል በዚህ መንገድ ለመንግሥት ካዝና ያዋጣል። በሶላር የሚሞላው ጎረቤቱ በዚህ ረገድ ምንም አይከፍልም። ክርክሩ የተካሄደው መክፈል ባለባቸውና መክፈል በማይፈልጉት መካከል ሲሆን፣ ለመቀየር ያልቻለው ሰው ግን በመዝገቡ ላይ ወገን አልነበረውም። ፍርዱ የዘጋው የክፍለ ሀገሮቹን በር እንጂ የፌዴራሉን አይደለም። የነዳጅ ኤክሳይዝ እየሳሳ ሲሄድ በኪሎ ሜትር የሚሰላ ክፍያ በፌዴራል ደረጃ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብሎ መገመት አስተዋይነት ነው። በተሻረው ተመን በ2.8 ሳንቲም ቢመጣ 60,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሾፌር 1,680 ዶላር ነው። ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚገዛ ባለታክሲ ይህን በስሌቱ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።

የአየር ንብረቱ ጉዳይም እንደሚታሰበው አንድ ወጥ አይደለም። ቪክቶሪያ ዛሬም ከኤሌክትሪኳ ትልቁን ድርሻ የምታገኘው ከላትሮብ ሸለቆ ቡናማ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ከከሰል ዓይነቶች ሁሉ ቆሻሻው ይህ ነው። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት መለኪያ መሠረት በክፍለ ሀገሩ መስመር ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲመነጭ 0.8 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። 16 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ከ12 ኪሎ በላይ ነው። ሃይብሪዱ ከ5 ሊትር ቤንዚን ከጭስ ማውጫው የሚለቀው 11 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ቤንዚን ለማምረትና ለማጓጓዝ የሚወጣው ሲታከልበት ሚዛኑ ተቀራራቢ ይሆናል እንጂ በአንዱ ወገን ጎልቶ አያጋድልም። በአማካዩ የቪክቶሪያ መስመር የሚሞላ የኤሌክትሪክ መኪና ዛሬ ከሃይብሪድ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ ቀድሞት የራቀ አይደለም። ነገር ግን መስመሩ ከዓመት ዓመት እየጸዳ ነው፤ ሄዝልዉድ በ2017 ተዘግቷል፣ ያሎርን በ2028 እንዲዘጋ ቀጠሮ ተይዞለታል፣ መንግሥትም በ2035 የታዳሽ ኃይልን ድርሻ 95 በመቶ የማድረስ ግብ በሕግ አስቀምጧል። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ግን ከተገዛበት ቀን ንጹሕ የመሆን ዕድል የለውም። አሥር ዓመት ለሚነዳ ሰው ይህ ክርክሩን ይቋጫል።

ለኮሊንግዉድ ከካርቦኑ ይልቅ የሚቀርበው ጭሱ ነው። ሆድል ጎዳና በከተማዋ እጅግ ከተጨናነቁት መንገዶች አንዱ ነው፤ ሕንፃዎቹም የቆሙት በአፋፉ ላይ ነው። መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሕፃን የሚተነፍሰው የሌላ ሰፈር ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱ የለቀቁትን ነው። እነዚያ ሰዎች ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞሩ ትርፉ በቅድሚያ የሚደርሰው ለዚህ ሕፃን ይሆናል። ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሰጥ የሕዝብ ገንዘብ ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የግብር ነጻነቱን የሚደግፉ ሰዎች ግን ብዙም ሲያነሡት አይሰማም።

የሜልበርኑ ጥያቄ በአዲስ አበባ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ከውጭ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎችንም በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ ተገጣጥመው ያለቁት የ15 በመቶ ጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ ወሰነ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የነዳጅ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታወቀ። እንዲህ ያለ እገዳ በመጣል ኢትዮጵያ አውሮፓን ቀደመች። ዋናው ምክንያት የአየር ንብረት አልነበረም፤ የውጭ ምንዛሪ ነበር። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ውኃ ግን ከአባይ ይወርዳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከታዳሽ ምንጭ፣ በተለይ ከውኃ የሚገኝ ነው፤ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ጨምሯል። ለቪክቶሪያ የሚያጠራጥረው የካርቦን ስሌት ለኢትዮጵያ አያጠራጥርም።

ስለዚህ «ለወንድሜ መኪና ልግዛለት» የሚል የሜልበርን ሰው የመኪናውን ዓይነት የመምረጥ ዕድሉ ጠቧል። ከዚህ የራሱን መላክ ቀድሞም የሚታሰብ አልነበረም፤ የአውስትራሊያ መኪና መሪው በቀኝ ነው። አዲስ ቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ መኪና ዋጋው ተሰቅሏል፤ የቻይናው ኤሌክትሪክ መኪና በየመሸጫው ተደርድሯል። ሊጠይቀው የሚገባው ያው የኮሊንግዉዱ ጥያቄ ነው፤ መኪናው የት ያድራል?

ወንድሙ አጥርና ዘበኛ ባለው ግቢ የሚኖር ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው። ከተራ ሶኬት የሚሞላ ቻርጀር የሚስበው ኃይል ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ አይበልጥም፤ ልዩነቱ ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሲጠፋ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ መሳቡ ነው። በየመንደሩ ያለው ትራንስፎርመር ለምጣድ እንጂ ለዚህ አልተሰላም፤ መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ሲኖር ደግሞ ማለዳ ባዶ መኪና ይጠብቃል። ወንድሙ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆነ ግን ችግሩ ከሆድል ጎዳናው ታወር ችግር ጋር አንድ ይሆናል። ቆጣሪው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መኪናው የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። በመካከላቸው ወይ ማራዘሚያ ገመድ፣ ወይ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ረጅም ድርድር፣ ወይ የሕዝብ ጣቢያ አለ። ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያዎችን የከፈቱ አሉ፤ ከከተማዋ ውጭ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመንገዱ መሃል የአባይ በረሃ አለ። ቁልቁለቱ ለባትሪው ጥቂት ይመልሳል፣ ዳገቱ ግን ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። ለዓመት በዓል አገር ቤት የሚወርድ ቤተሰብ ይህን መንገድ በአንድ ሙሊት ሊጨርሰው አይችልም። በተበላሸ ጊዜ ባትሪ የሚያውቅ መካኒክ ማግኘቱም ገና ከጥቂት ጋራዦች አላለፈም። ከመኪናው ዋጋ ላይ ቆጣሪ ለማሳደግና ቻርጀር ለማስተከል የሚሆን ገንዘብ ቀንሶ ያልያዘ ሰው ለወንድሙ የላከው ግማሽ መኪና ነው።

በሁለቱም አገር የመንግሥት ገንዘብ የሄደው ወደ መኪናው ነው፤ በአንዱ በግብር ነጻነት፣ በሌላው በቀረጥ ቅናሽ። ሶኬቱ ለባለቤቱ ተትቷል። ይህ ቅደም ተከተል በጅምሩ ምክንያት ነበረው፤ ማንም የማይገዛው መኪና ቻርጀር አያስፈልገውም። አሁን ግን መኪናው ረክሷል፤ ገዢም አግኝቷል። በአውስትራሊያ ለጥቅማጥቅም ግብር ነጻነት የሚወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው ግምት እጅግ በልጧል። ከዚያ ላይ ጥቂቱ እንኳ ወደ ነባር የጋራ ሕንፃዎች ማቆሚያ ቢዞር፣ ለከፍተኛ ደሞዝተኛ ሁለተኛ መኪና ከመደጎም ይልቅ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚነዱ ሰዎችን ወደ ኤሌክትሪክ ያመጣል። አንድ ታክሲ በዓመት የሚነዳው ኪሎ ሜትር ተራ የቤት መኪና ከሚነዳው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚቀነሰው ጭስም እንዲሁ።

አንዳንዶች በታወር ሥር መኪና መሙላት የእሳት አደጋ ያመጣል ሲሉ ይሰጋሉ። በሊቲየም ባትሪ ሳቢያ በአፓርታማዎች የሚነሣው እሳት ግን በአብዛኛው ፎቅ ድረስ ይዘዋቸው ከሚወጡት ስኩተሮችና ብስክሌቶች የሚመጣ ነው እንጂ ከመኪና አይደለም። የሽቦው አቅምም የሚፈታ ነገር ነው። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ አንድ መካከለኛ ቻርጀር የአንድ ታክሲን የቀን ፍጆታ በአምስት ሰዓት ይሞላል። ቀን የሚነዳውና ሌሊት የሚነዳው ጎረቤታሞች አንዱን ቻርጀር ቢጋሩ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይሰካል፤ የሌሊቱ ሾፌር የሚሞላውም ቀትር ላይ፣ የፀሐይ ኃይል በተትረፈረፈበት ሰዓት ይሆናል።

የ2022ቱ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሕንፃ ኮድ አዲስ የሚሠሩ አፓርታማዎች ማቆሚያ ለመኪና ቻርጀር የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እንዲኖረው ያዛል፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩትን አይመለከትም። የቪክቶሪያ መንግሥት በሴፕቴምበር 2023 በሜልበርን ያሉትን 44 የመንግሥት ታወሮች በሙሉ አፍርሶ እንደገና እንደሚሠራ አስታውቋል፤ አዲሶቹ በኮዱ መሠረት ይሠራሉ። ሥራው እንዲጠናቀቅ የተያዘለት ዓመት 2051 ነው። ዛሬ ከሆድል ጎዳናው ሕንፃ ሥር መኪናውን የሚያቆም ሾፌር እስከዚያ ድረስ አራት ወይም አምስት መኪና ይቀይራል፤ የመጀመሪያውን የሚገዛው ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት ነው።